ያላለቀ ሥራ የሚቀርብበት ቀን፦ የስታቲስቲካል ሜካኒክስ ተመራማሪዎችን የአካባቢ ስብሰባ ለሚያዘጋጁ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1948 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሁነት ለውጥ፣ ማለትም ቁስ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ስለሚሻገርበት (ለምሳሌ ፈሳሽ ሲረጋ)፣ የሚመክር ስብሰባ ነበር። ላስሎ ቲሳ ንግግሩን ጨርሶ ውይይት ሲከፈት፣ ላርስ ኦንሳገር ሐሳብ ለመስጠት ተነሣና ባለ ሁለት ዳይሜንሽኑ የኢዚንግ ሞዴል (ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያመለክቱ ጥቃቅን ማግኔቶች በመረብ ላይ የተደረደሩበት ቀላል የማግኔት ሞዴል) ውጫዊ መስክ ሳይኖር ምን ያህል ማግኔታዊነት እንደሚይዝ የሚናገረውን ቀመር ሰሌዳው ላይ ጻፈው። እንዴት እንደደረሰበት አላሳየም፤ ከዚያ በኋላም ስሌቱን አላሳተመውም። ቼን ኒንግ ያንግ ከነስሌቱ ያሳተመው በ1952 ነው።

ይህን ታሪክ የማስቀድመው ቀመሩ እንዴት እንደወጣ ስለሚያሳይ ነው። ኦንሳገር በዚያ ሰዓት ተናጋሪ አልነበረም፤ ከአድማጮቹ አንዱ ነበር። ሰሌዳ ነበር፣ ጠመኔ ነበር፣ ተነሥቶ ለመጻፍ የሚበቃ ጊዜ ነበር። የአካባቢ ስብሰባ ለማዘጋጀት ካሰባችሁ፣ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሥራ ሁሉ የሚደረገው እነዚህ ሦስት ነገሮች እንዳይጠፉ ነው።

የምናገረው ስለ ትልቅ ጉባኤ አይደለም። ጠዋት ከቤቱ ተነሥቶ ማታ መመለስ የሚችል ሰው ሁሉ የሚጠራበት፣ ክፍያ የሌለው፣ ጽሑፍ የማይገመገምበት፣ ከ30 እስከ 60 ሰው የሚገኝበት የአንድ ቀን ስብሰባ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ደግሞ ዕድሜው ሊረዝም ይችላል። ጆኤል ሌቦዊትዝ በ1959 በየሺቫ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የስታቲስቲካል ሜካኒክስ ስብሰባ፣ እሱ በ1977 ወደ ረትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር አብሮት ሄደ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሜይና በዲሴምበር እየተካሄደ በዲሴምበር 2008 መቶኛው ላይ ደረሰ። እኛ ከምናወራው ይሰፋል፤ ሆኖም ተሳታፊዎች ስለ ሥራቸው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚናገሩበት ልማዱ ለማንም አዘጋጅ ጥሩ አርአያ ነው።

መጀመሪያ፦ ሰዎቹን ፈልጉ

ከአራት ወር በፊት ጀምሩ። ሁለት ወይም ሦስት አዘጋጆች ይበቃሉ፤ ከተቻለ ከተለያዩ ተቋማት ይሁኑ። ከአምስት በላይ ከሆናችሁ ሥራው ወደ ኮሚቴነት ይለወጥና ስብሰባውን ለማዘጋጀት ሌላ ስብሰባ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራ የስም ዝርዝር ነው፤ በዚህ ዘርፍ ደግሞ ከሚመስለው ይከብዳል። የብዙ ቅንጣቶችን የጋራ ጠባይ በፕሮባብሊቲ የሚያጠናው ስታቲስቲካል ሜካኒክስ አንድ ቤት የለውም። የፊዚክስ ክፍሉን የመምህራን ዝርዝር ብቻ ካያችሁ ግማሹን ሰው ታጣላችሁ። ፕሮባብሊቲ የሚያስተምር የሒሳብ ሰው ስለ ፐርኮሌሽን (በዘፈቀደ በተከፈቱ መንገዶች ከዳር እስከ ዳር መሻገር ይቻል እንደሆነ ስለሚጠይቀው ጥናት) ሲሠራ ታገኙታላችሁ። ኬሚስትሪ ውስጥ ፖሊመር የሚያጠና አለ። ባዮሎጂ ውስጥ በሴል ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ሞለኪውላዊ ሞተሮችን የምትለካ ትኖራለች። ምሕንድስና ውስጥ አሸዋና ጥራጥሬ እንዴት እንደሚፈስ የሚያጠና ይኖራል። ኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥ ደግሞ ስለ ነርቭ መረቦች የሚሠሩ አሉ፤ የ2024 የፊዚክስ ኖቤል ለጆን ሆፕፊልድና ለጄፍሪ ሂንተን ሲሰጥ ብዙ ሰው ተገርሟል፣ የሆፕፊልድ የ1982 ሞዴል ግን ከኢዚንግ ሞዴል የቅርብ ዘመድ ነው።

ዝርዝሩን ለመሥራት የሚረዳ አንድ ዘዴ አለ። ለምታውቋቸው አሥር ሰዎች ጻፉና «በሥራው ውስጥ ኢንትሮፒን ወይም ድንገተኛ መዋዠቅን የሚያሰላ፣ ግን ፊዚክስ ክፍል ውስጥ የማይቀመጥ ማንን ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ዙር ከጠየቃችሁ ዝርዝሩ ራሱን መድገም ይጀምራል፤ ያኔ አቁሙ።

ከእያንዳንዱ ስም ጎን ተማሪዎች እንዳሏቸው መዝግቡ። የጥሪ ደብዳቤ ለመምህሩ ብቻ ሲላክ ለተማሪው ሳይደርስ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ እስካሁን ካየኋቸው ጥፋቶች ሁሉ የሚያሳዝነኝ ነው። ለተማሪዎቹ በቀጥታ ጻፉ።

ቀኑና ክፍሉ

ስለ ቀኑ ብዙ አልልም። የፈተና ሳምንት አይሁን፣ ትልልቅ ጉባኤዎች ያሉበት ወር አይሁን፣ በየዓመቱ ደግሞ አይዘዋወር። «የወሩ ሦስተኛ ዓርብ» ተብሎ የሚታወስ ቀን ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

ክፍሉ ላይ ግን ጊዜ አጥፉ። ሄዳችሁ እዩት፤ በስልክ አትስማሙ። ደረጃ ደረጃ ሆኖ ወንበሩ ከወለሉ ጋር የታሰረበት አዳራሽ አድማጭን ከአድማጭ ይለያል፤ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ጥያቄ ለመጠየቅ የ40 ሰው ጀርባ ማሸነፍ አለበት። ወለሉ ዝርግ የሆነ፣ ወንበሩ የሚነሣ፣ ለ60 ሰው የሚበቃ ክፍል ፈልጉ። 35 ሰው ከጠበቃችሁ 200 ወንበር ያለው አዳራሽ አትውሰዱ፤ ሰው ይበታተንና ድምፁ ይቀዘቅዛል።

ሰሌዳውን ቁጠሩ። ከመናገሪያው ሰሌዳ ሌላ ቢያንስ ሁለት ሰሌዳ ያስፈልጋል፦ አንዱ የእረፍት ጊዜ ሰው በሚቆምበት ኮሪደር፣ አንዱ ክፍሉ ውስጥ በጎን በኩል። የኮሪደሩ ሰሌዳ የስብሰባው ልብ ነው ብል አላጋነንኩም። በእረፍት ሰዓት ሁለት ሰው «ይህ ቴርም ከየት መጣ?» ብለው ቆመው ሲጽፉ ሦስተኛው ይጠጋል፣ አራተኛው ጠመኔውን ይቀበላል። ሰሌዳ ከሌለ ትልልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፉ። ጠመኔውን ወይም ማርከሩን በፊተኛው ቀን ራሳችሁ ሞክሩት፤ የደረቀ ማርከር አንድ ሙሉ ክርክር ሲያስቀር አይቻለሁ።

የጥሪው ደብዳቤ

አጭር ይሁን። ቀኑ፣ ሰዓቱና ክፍሉ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይቀመጡ። ከዚያ በታች እኔ የምጠቀምበትን ቃል በቃል ላስቀምጥላችሁ፦

«በስታቲስቲካል ሜካኒክስ ላይ የምንሠራ የአካባቢው ሰዎች ለአንድ ቀን እንገናኛለን። ክፍያ የለም፤ የጽሑፍ ግምገማ የለም። መናገር የሚፈልግ ሁሉ 8 ደቂቃ አለው፤ ያላለቀ ሥራ ይመረጣል። ሁለት ነገር ላኩልን፦ የንግግራችሁን ርዕስ፣ እና አሁን መልስ ያጣችሁለትን አንድ ጥያቄ። ለመስማት ብቻ የምትመጡም ስማችሁን ላኩልን።»

ሁለተኛው ጥያቄ ለጌጥ የገባ አይደለም። «መልስ ያጣችሁለት» ሲባል ሰው ይዞ የሚመጣው ነገር ይቀየራል። ርዕስ ብቻ ስትጠይቁ ባለፈው ዓመት የታተመ ሥራ ይላክላችኋል። ያጣውን መልስ ስትጠይቁ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ያመጣል። እነዚያን ጥያቄዎች ሰብስባችሁ አስቀምጧቸው፤ ከሰዓት በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ለመናገር የጠየቀውን ሁሉ ተቀበሉ። መምረጥ ስትጀምሩ ስብሰባው ግምገማ ይሆናል፤ ያላለቀ ሥራ ደግሞ ግምገማ አይችልም።

መርሐ ግብሩ፦ ሒሳቡን በወረቀት ሥሩ

አንድ ጊዜ ለአራት ታዋቂ ፕሮፌሰሮች 45፣ 45 ደቂቃ ሰጥቼ ቀኑን ሞላሁት። ንግግሮቹ ግሩም ነበሩ። ነገር ግን ከነዚያ ከአራቱ በቀር ቀኑን ሙሉ አፉን የከፈተ ሰው ከሰባት አይበልጥም፤ ከተማሪዎቹ አንድም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መርሐ ግብር የምሠራው ከደቂቃ ሒሳብ ተነሥቼ ነው።

ለአንድ ሰው 8 ደቂቃ ንግግርና 4 ደቂቃ ጥያቄ ስጡ፤ 12 ደቂቃ ይሆናል፤ በሰዓት አምስት ሰው ማለት ነው። ከጠዋቱ 3፡30 ተነሥታችሁ 11፡00 ላይ የምትጨርሱ ከሆነ ቀኑ እንዲህ ይቆማል። ከ3፡30 አሥር ደቂቃ ለመክፈቻ፤ ከ3፡40 እስከ 4፡52 ስድስት ንግግር፤ እስከ 5፡30 እረፍት፤ ከ5፡30 እስከ 6፡30 አምስት ንግግር፤ እስከ 8፡00 ምሳ፤ ከ8፡00 እስከ 9፡00 አምስት ንግግር፤ እስከ 9፡40 እረፍት፤ ከ9፡40 እስከ 10፡40 የክፍት ጥያቄዎች ሰዓት፤ የቀረው 20 ደቂቃ ለሚቀጥለው ዓመት ውሳኔ።

አሥራ ስድስት ንግግር፣ በድምሩ 192 ደቂቃ ማለት ነው፤ ከ450 ደቂቃው ቀን ከግማሽ በታች። ቀሪው ባዶ መስሎ ከታያችሁ እንዳትሞሉት እለምናችኋለሁ። እረፍቱ 38ና 40 ደቂቃ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ሰልፍ ይዞ ጽዋ ለመቀበል ብቻ ይበቃል። ተናጋሪ ቢበዛና 24 ሰው ቢጠይቅ ማንንም አታስቀሩ፦ 5 ደቂቃ ንግግርና 3 ደቂቃ ጥያቄ አድርጉት፤ 24 ጊዜ 8 ያው 192 ነው።

ተማሪዎችን ጠዋት አስቀድሙ። ጠዋት የተናገረ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ሰው ይፈልገዋል፤ በእረፍት ጊዜ ስሙን የሚያውቁት ይኖራሉ። መጨረሻ ላይ የተናገረው ግን ንግግሩን እንደጨረሰ ሁሉም ቦርሳውን ያነሣል።

ቅደም ተከተሉን በርዕስ አትመድቡ፤ የሒሳብ ሰዎችን አንድ ላይ፣ የሲሙሌሽን ሰዎችን አንድ ላይ ማድረግ ይቀላል፤ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው። አንዱን ነገር በተለያየ መንገድ የሚነኩትን አጎራብቱ። ለምሳሌ ፐርኮሌሽንን ውሰዱ። በካሬ መረብ ላይ ትስስሮቹን በዘፈቀደ ስንከፍት፣ ከዳር እስከ ዳር የሚያሻግር መንገድ የሚገኝበት የመነሻ ዋጋ በትክክል ግማሽ መሆኑን ሃሪ ኬስተን በ1980 አረጋግጧል። ትስስሮቹን ትተን ነጥቦቹን ስንከፍት ግን የምናውቀው ኮምፒውተር የሰጠንን 0.5927 አካባቢ የሆነ ቁጥር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን የምታውቅ የሒሳብ ሰው ካለችና ሁለተኛውን በየቀኑ የሚያሰላ ተማሪ ካለ፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ ይናገር። ጥያቄው ራሱ ይመጣል፤ እናንተ ማድረግ ያለባችሁ ማጎራበት ብቻ ነው።

ለተናጋሪዎች የምትልኩት ምክር

ከሳምንት በፊት ለሁሉም አንድ ገጽ ላኩ። በ8 ደቂቃ አንድ ውጤት፣ አንድ ሥዕላዊ መግለጫና አንድ ትርጉም ይበቃል። የዘርፉ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብላችሁ የምታልፉት ነገር ከኬሚስትሪ የመጣውን ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ሥርዓት መለኪያው (ቁሱ በየትኛው ሁነት ላይ እንዳለ የሚለየው መጠን) ምን እንደሆነ፣ የሙቀት መጠኑ በምን እንደተለካ በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነገር።

ሲሙሌሽን የሚያቀርብ ሰው የሥርዓቱን ስፋትና ወደ ሚዛን መድረሱን እንዴት እንዳረጋገጠ ይናገር። ይህን አጥብቄ የምለው ወሳኙ ነጥብ (የሁነት ለውጡ የሚከሰትበት) አጠገብ ያለው መዘግየት ብዙ ሰው ስላሳሳተ ነው። በባለ ሁለት ዳይሜንሽኑ የኢዚንግ ሞዴል፣ ጥቃቅን ለውጦችን በዘፈቀደ እየሞከረ በሚሄደው በተለመደው የሜትሮፖሊስ የሲሙሌሽን ዘዴ፣ ሥርዓቱ የነበረበትን ሁኔታ እስኪረሳ የሚፈጀው ጊዜ በወሳኙ ነጥብ ላይ ከጎኑ ርዝመት 2.17 ገደማ ፓወር ጋር ያድጋል። ጎኑን በእጥፍ ስታሳድጉት ጊዜው ወደ አራት ጊዜ ተኩል ይረዝማል። ያን ያላሰበ ሰው የሚያሳየው ውብ ሥዕል ገና ሚዛን ያልደረሰ ሥርዓት ሊሆን ይችላል፤ ከአድማጮቹ አንዱ ይህን ቶሎ ቢነግረው ወራት ያተርፍለታል።

ቲዎሪ የሚያቀርበው ደግሞ ወሰኖቹን በየትኛው ቅደም ተከተል እንደወሰደ ይናገር። የኦንሳገርን ማግኔት እንደገና እዩት፦ መጀመሪያ ሥርዓቱን ወሰን አልባ አድርጋችሁ ከዚያ ውጫዊውን መስክ ወደ ዜሮ ብታወርዱት፣ ከወሳኙ ሙቀት በታች ማግኔታዊነቱ ይቀራል። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት ዜሮ ታገኛላችሁ። ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። በዚህ ዘርፍ ከሰማኋቸው የከረሩ ክርክሮች ብዙዎቹ ውስጣቸው ሲታይ የዚህ ቅደም ተከተል ጉዳይ ነበሩ።

መድረኩን የሚመራው ሰው

ሰዓቱ ለሁሉም የሚታይ ይሁን። ተናጋሪው 6ኛው ደቂቃ ላይ ምልክት ይሰጠው፤ 8ኛው ላይ መሪው ይነሣ። ክብር አይለይ፦ ፕሮፌሰሩም ተማሪውም እኩል 8 ደቂቃ። ለታላቅ ሰው ሁለት ደቂቃ ከጨመራችሁ ከተማሪ ላይ ነው የምትወስዱት።

ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ የተማሪ ይሁን። ይህን በመክፈቻው ላይ ተናገሩትና ጸንታችሁ ጠብቁት። መጀመሪያ ላይ ዝምታ ይኖራል፤ ዝምታውን አትፍሩት፣ አሥር ሰከንድ ጠብቁ። ሦስተኛው ንግግር ላይ ሲደርስ እጅ መነሣት ይጀምራል።

ያላለቀውን ሥራ ስለ መጠበቅ

ሰው ያላለቀ ስሌቱን ይዞ እንዲመጣ የምትፈልጉ ከሆነ፣ እንደማይወሰድበት ማወቅ አለበት። በ1931 የተጀመሩት የጎርደን የምርምር ጉባኤዎች ይህን በግልጽ ደንብ አድርገውታል፦ እዚያ የተነገረ አይቀረጽም፣ ካለ ተናጋሪው ፈቃድም አይጠቀስም። ከሰዓት በኋላውን ነፃ የማድረግ ልማዳቸውም ከዚሁ መንፈስ የመጣ ይመስለኛል። እናንተም በመክፈቻው አሥር ደቂቃ ይህን ተናገሩ፦ ስላይድ ፎቶ አይነሣም፣ ድምፅ አይቀረጽም፣ እዚህ የሰማችሁትን ለመጠቀም የምትፈልጉ ሰውየውን ጠይቁ። ደንቡ የሚጠቅመው በተለይ ለተማሪዎች ነው። ውጤቱ ቢወሰድበት ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እሱ ነውና።

የክፍት ጥያቄዎች ሰዓት

እዚህ ላይ ነው ከደብዳቤው ጋር የመጡት ጥያቄዎች የሚያስፈልጉት። ከመድረሱ በፊት አንብቧቸው፤ የሚመሳሰሉትን አንድ አድርጉ፤ ስድስት ወይም ሰባት ምረጡና በእረፍቱ ጊዜ በጎኑ ሰሌዳ ላይ ጻፏቸው። የጠያቂው ስም አይጻፍ፤ ከፈለገ ራሱ ይናገር።

ሰዓቱን የምትከፍቱት እጅ በማስቆጠር ነው። ይህ ከጨዋታ አይቆጠር። በ1957 ጆርጅ ኡህለንቤክ የመራው አንድ ውይይት ላይ ጥያቄው ይህ ነበር፦ ከመጋጨት በቀር ምንም የማይሳሳቡ ጠጣር ሉሎች ሲጨናነቁ ክሪስታል ይሠራሉ ወይስ አይሠሩም? እጅ ሲቆጠር ቤቱ እኩል ለእኩል ተከፈለ። መሳሳብ ሳይኖር መርጋት አይታሰብም የሚሉ ብዙ ነበሩ። በዚያው ዓመት በርኒ አልደርና ቶማስ ዌይንራይት ያሳተሙት የኮምፒውተር ስሌት ሉሎቹ እንደሚረጉ አመላከተ። ዛሬ ቁጥሩን እናውቀዋለን፦ ሉሎቹ ከይዘቱ 49.4 በመቶ ገደማ ሲሞሉ ፈሳሹ መርጋት ይጀምራል፣ ክሪስታሉም የሚቀልጠው ወደ 54.5 በመቶ ሲወርድ ነው። ክሪስታሉን የሚያመጣው ኢንትሮፒ (ሉሎቹ ሊቀመጡ የሚችሉባቸው መንገዶች ብዛት መለኪያ) ብቻ ነው።

እጅ ማስቆጠር ሁለት ነገር ያደርጋል። ዝም ያለውን ሰው ወገን ያስይዘዋል፤ ወገን የያዘ ሰው ደግሞ ምክንያት መስጠት ይፈልጋል። ሌላው፣ ሁሉም የሚያውቀው ይመስል የነበረ ነገር ቤቱን ለሁለት ሲከፍለው ታዩታላችሁ፤ ጥሩ ጥያቄ ማግኘታችሁን የምታውቁት ያኔ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አሥር ደቂቃ አስቡ፤ አንዱ ከጋለ ግን ሌሎቹን ተዉአቸው። ሰሌዳው ላይ የሚነሣ ሰው ካለ ማይክራፎን አታስይዙት፤ ጠመኔ ስጡት።

ገንዘብና ምግብ

ክፍሉ በነፃ ከተገኘ የሚቀረው የሻይና የምሳ ወጪ ነው። አንድ የትምህርት ክፍል ይህን ሊሸፍን ይችላል፤ ካልቻለ እያንዳንዱ የራሱን ምሳ ይግዛ፣ ሁላችሁም ግን አንድ ቦታ ብሉ። ገንዘብ ከተረፈ ስጦታና ቦርሳ አትግዙ፤ ለተማሪዎች መጓጓዣ ይዋል።

ከስብሰባው በኋላ

በመጨረሻው 20 ደቂቃ ማንም ሳይወጣ ሁለት ነገር ወስኑ፦ የሚቀጥለውን አስተናጋጅና ቀኑን። «በኋላ በደብዳቤ እንነጋገራለን» ከተባለ ስብሰባው እዚያው ይሞታል። አስተናጋጁ በየዓመቱ ቢለዋወጥ ጥሩ ነው፤ ከዘንድሮዎቹ አንዱ ግን ለአንድ ዓመት አብሮት ይቆይ።

ሰሌዳዎቹን ከመጥረጋችሁ በፊት የጻፉትን ሰዎች አስፈቅዳችሁ ፎቶ አንሡ። ይህ ለፎቶ ደንቡ ብቸኛው ልዩ ሁኔታ ነው። በሳምንት ውስጥ ለተሳታፊዎች አንድ ገጽ ላኩ፦ የክፍት ጥያቄዎቹ ዝርዝር፣ እጅ ሲቆጠር የወጣው ቁጥር፣ አብረን እንሥራ የተባባሉ ሰዎች ካሉና ከፈቀዱ ስማቸው። የንግግር ማጠቃለያ አታዘጋጁ፤ ማንም አያነበውም፣ ያላለቀውንም ሥራ ያለፈቃዱ አደባባይ ያወጣዋል።

ለአዲሱ አስተናጋጅ የስም ዝርዝሩን፣ የጥሪውን ደብዳቤና ያቺን አንድ ገጽ አስረክቡ። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ንግግር ከመጀመሩ በፊት፣ ያለፈው ዓመት ጥያቄዎች ከነድምፅ ቁጥራቸው በጎኑ ሰሌዳ ላይ ተጽፈው ሰዎቹ ገብተው ያግኟቸው።